ሜትዮራይት የመታው አለት ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ከጅማ ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ትልቅ ሜትዮራይት፣ ማለትም ከጠፈር የሚወድቅ ድንጋይ፣ መሬትን ሲመታ ጉድጓዱ ቅርጹን የሚይዘው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። የአለቱ ለውጥ ግን በዚያ አያበቃም። ሙቀቱ እስኪወጣለት ድረስ ለሺህ ዓመታት፣ አንዳንዴም ከሚሊዮን ዓመት በላይ፣ ውሃ በስንጥቆቹ እየተመላለሰ ማዕድኑን ቀስ በቀስ ይለውጠዋል። ብዙ የሚወራው ስለ ፍንዳታው ስለሆነ እዚህ የምናተኩረው በኋለኛው ለውጥ ላይ ነው። ጥያቄዎቹ ጅማ ውስጥ ከተማሪዎች፣ ከመምህራን፣ ካባ ላይ ድንጋይ ከሚፈልጡ ወጣቶችና በማሳቸው እንግዳ ድንጋይ ካገኙ ገበሬዎች የሚመጡ ናቸው።

ግጭቱ ራሱ ድንጋዩን ምን ያደርገዋል?

ከጠፈር የሚመጣ አካል ወደ ከባቢ አየራችን የሚገባው በትንሹ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ በሰከንድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተወረወረ ነው። ትንንሾቹን አየሩ ያዘገያቸዋል፤ በመቶ ሜትሮች የሚለካውን ግን የሚያቆመው የለም። መሬት ሲነካ አለቱ ውስጥ የግፊት ሞገድ ይለቃል፤ ድንጋዩ ላይ የሚደርሰውም በዚያ ግፊት መጠን ይወሰናል።

ግፊቱ ከ2 ጊጋፓስካል፣ ማለትም ከምንተነፍሰው አየር ግፊት 20,000 እጥፍ ገደማ ሲያልፍ፣ አለቱ ላይ ከጫፍ ወደ ታች የሚበተኑ ጭረቶች ያሏቸው ሾጣጣ ስብራቶች ይወጣሉ። ወደ 10 ጊጋፓስካል ሲደርስ ኳርትዝ በሚባለው፣ በአሸዋ ውስጥ በሚበዛው ጠንካራ ማዕድን ቅንጣት ውስጥ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ፣ ቀጥ ያሉና ትይዩ የሆኑ ስስ መስመሮች ይሰመራሉ። 30 ጊጋፓስካል አካባቢ ደግሞ ኳርትዝና በብዙ አለቶች ውስጥ የሚገኘው ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ሳይቀልጡ፣ የቀድሞ ቅርጻቸውን እንደያዙ፣ ወደ መስታወትነት ይለወጣሉ። ከዚያ በላይ አለቱ ይቀልጣል፤ ከ100 ጊጋፓስካል በላይ ጭራሽ ይተናል።

ኳርትዝ በዚህ ግፊት ታምቆ ኮኤሳይትና ስቲሾቫይት የሚባሉ ይበልጥ የጠጠሩ ማዕድናትንም ይፈጥራል። ኮኤሳይት በተፈጥሮ መኖሩ መጀመሪያ የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አሪዞና ባለው የሜትዮር ክሬተር ውስጥ ነው። ካገኙት ተመራማሪዎች አንዱ አሜሪካዊው ጂኦሎጂስት ጂን ሹሜከር ነበር። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታዲያ ከግጭቱ በኋላ ማዕድናቱን የሚለውጣቸው ምንድን ነው?

ሙቀትና ውሃ ሲገናኙ ነው።

ሙቀቱ ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንዱ ጉድጓዱ ውስጥ የተንጣለለው ቅልጥ አለት ነው። ሌላው ትልልቅ ጉድጓዶች መሃል ላይ ከጥልቁ ተስፈንጥሮ የወጣው አለት ነው፤ ከብዙ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ሲነሳ የዚያን ጥልቀት ሙቀት ይዞ ነው የሚወጣው። ሦስተኛው የግፊት ሞገዱ ራሱ ባለፈበት ሁሉ ትቶት የሄደው ሙቀት ነው። ውሃው ደግሞ ከከርሰ ምድር፣ ከዝናብ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ከሚጠራቀም ሐይቅ ወይም ከባሕር ይገባል። ግጭቱ አለቱን ስንጥቅጥቅ አድርጎ ስለተወው መንገድ አያጣም። ወደ ታች ይወርዳል፣ ይሞቃል፣ ይወጣል፣ ተመልሶ ይወርዳል። በየዙሩ ከአንዱ ማዕድን ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ሲሊካ እያሟሟ ይወስድና ሌላ ቦታ ያስቀምጣል።

እንዲህ ያለውን ሥርዓት በአገራችን በእሳተ ገሞራ መልኩ እናውቀዋለን። ላንጋኖ አጠገብ በአሉቶ ለእንፋሎት ኃይል የተቆፈሩት ጉድጓዶች ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት አግኝተዋል። ከዚያ የወጣው ድንጋይም ክሎራይት፣ ኤፒዶት፣ ካልሳይትና የሸክላ ማዕድናት ይዟል። የሙቀቱ ምንጭ እዚያ ማግማ፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለ ቅልጥ አለት ነው፣ እዚህ ግጭት፤ የውሃው ሥራ ግን ተመሳሳይ ነው።

በየትኛው ሙቀት የትኛው ማዕድን ይፈጠራል?

ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ወደ ጉዳዩ እምብርት ገብቷል፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንመልሰው።

መጀመሪያ፣ አለቱ በጣም በጋለበት ጊዜ፣ ውሃው በፈሳሽነት አይቆይም፤ በእንፋሎትና በጋዝ መልክ ነው የሚያልፈው። ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ በላይ ሳለ ዋናው ለውጥ በፌልድስፓር ላይ ይታያል። የቀድሞው ፌልድስፓር ሶዲየም ወይም ፖታሲየም በበዛበት አዲስ ፌልድስፓር ይተካል፤ ግራጫ የነበረው አለት አንዳንዴ ወደ ሮዝ ወይም ብርቱካንማ ቀለም ያደላል። ብረትና ማግኒዚየም የያዙት ጥቁር ማዕድናትም ወደ አምፊቦልና ወደ አዲስ ፓይሮክሲን ይዞራሉ።

ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ በታች ሲወርድ ፈሳሽ ውሃ ይገዛል። ሰፊውና ረጅሙ ምዕራፍ ይህ ነው። አረንጓዴዎቹ ክሎራይትና ኤፒዶት ይወጣሉ፤ ብረትና ድኝ ተገናኝተው ፓይራይት ይሆናሉ፤ ስንጥቆቹን ኳርትዝና ካልሳይት ይሞሏቸዋል። ወደ 200 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲደርስ ዚዮላይቶች ተራቸውን ይይዛሉ። እነዚህ በውስጣቸው ውሃ የሚይዙ፣ ብዙውን ጊዜ ነጭ ወይም ሮዝ የሆኑ ማዕድናት ናቸው፤ የሚወጡትም በፊኛ፣ ማለትም ጋዝ በአለቱ ውስጥ በተወው ክፍት ቀዳዳ፣ እና በስንጥቅ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ፣ ውሃው ለብ ወደሚልበት ደረጃ ሲደርስ፣ መስታወቱ ሸክላ ይሆናል። ግጭቱ የፈጠረው መስታወት ከማንኛውም ማዕድን ይልቅ ለውሃ ደካማ ነው፤ በፍጥነት ወደ ስሜክታይት፣ ውሃ ሲያገኝ ወደሚያብጠው የሸክላ ዓይነት፣ ይለወጣል። በዚህ ምክንያት ብዙ ያረጁ ጉድጓዶች ውስጥ ንጹሕ መስታወት ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ሄይቲ ውስጥ የተገኙት የ66 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው ጥቃቅን የመስታወት እንክብሎች ውጫቸው ሸክላ ሆኖ እምብርታቸው ብቻ መስታወት እንደሆነ የቀሩ ናቸው።

እነዚህ ደረጃዎች በአንድ ድንጋይ ላይ ይደራረባሉ። በአንድ ስንጥቅ ጠርዝ ላይ ፌልድስፓር፣ ቀጥሎ ኤፒዶት፣ መሃሉ ላይ ዚዮላይትና ካልሳይት ካየን ከዳር ወደ መሃል የሙቀቱን መብረድ እያነበብን ነው። ከምርምሩ ሁሉ ደስ የሚለው ክፍል፣ በእኛ አስተያየት፣ ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

እንደ ጉድጓዱ ስፋት ነው። ኢስቶኒያ ያለው ካርድላ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው በጥቂት ሺህ ዓመታት እንደቀዘቀዘ በስሌት ተገምቷል። በሜክሲኮ ዩካታን ያለው ቺክሹሉብ ግን ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ዳይኖሰሮችን ያጠፋው ግጭት ነው። በ2016 ዓለም አቀፍ ቡድን ከባሕሩ ወለል በታች ከ1,300 ሜትር በላይ ቆፍሮ ድንጋይ አወጣ። ቁፋሮው ያገኘው ግራናይት ከመሬት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የተነሳ ነበር፤ ፍልውሃው ሲመላለስበት የቆየ በመሆኑም ከላይ በጠቀስናቸው ማዕድናት ተሞልቷል። ተመራማሪዎቹ ሥርዓቱ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሳይበርድ እንደቆየና 140,000 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል አለት እንደለወጠ ገምተዋል።

ሜትዮራይት የመታው ቦታ ሁሉ እንዲህ ይለወጣል?

አይለወጥም። የአሪዞናው ጉድጓድ ስፋቱ 1.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ዕድሜውም 50,000 ዓመት ገደማ ነው። በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ሙቀቱ ቶሎ ስለሚያመልጥ ፍልውሃ የሠራው ለውጥ እምብዛም አይታይበትም። በዓለም ላይ ከተረጋገጡት 200 ገደማ ጉድጓዶች ውስጥ የፍልውሃ ለውጥ ምልክት የተገኘባቸው ከ60 በላይ ናቸው።

የጅማ አካባቢ ድንጋይ ጥቁር ድንጋይ ነው። እንዲህ ባለ አለት ላይ ቢወድቅስ?

ጅማ የቆመችው በእሳተ ገሞራ አለት ላይ ነው። ካባ ላይ ለመሠረትና ለጌጠኛ ድንጋይ የሚፈለጠው ጥቁሩ ባዛልት ነው፤ በየቦታው ነጣ ያለ ራዮላይትም ይገኛል። ለዚህ ጥያቄ የሚመልስልን ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ሕንድ ውስጥ፣ በማሃራሽትራ ግዛት ያለው ሎናር ነው። 1.8 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይህ ጉድጓድ የተቆፈረው በደካን ባዛልት ላይ ሲሆን አሁን ጨዋማ ሐይቅ ተኝቶበታል።

ባዛልት ኳርትዝ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሌላው ዓለም ዋና ማስረጃ የሆኑት የኳርትዝ መስመሮች እዚያ አይገኙም። በምትኩ የሚፈለገው ወደ መስታወትነት የተለወጠ ፌልድስፓር ነው፤ ማስኬሊናይት ይባላል። ሎናር ላይ ተገኝቷል። ስሙን ያገኘው ግን በ1865 ሕንድ ውስጥ የወደቀው የሸርጎቲ ሜትዮራይት በ1872 ሲጠና ነው፤ ያ ድንጋይ ደግሞ ከማርስ የመጣ መሆኑ ዛሬ ይታወቃል።

ከሐይቁ ወለል በታች ተቆፍሮ የወጣው የሎናር ድንጋይ ውስጥ ሳፖናይትና ሴላዶናይት የሚባሉ፣ ማግኒዚየምና ብረት የሚበዛባቸው የሸክላ ማዕድናት ተገኝተዋል። ባዛልት ማግኒዚየምና ብረት ስለሚበዛበት ከእርሱ የሚወጣው ሸክላም ይህን ጠባይ ይወርሳል። ግራናይት ላይ ቢሆን ኖሮ ፖታሲየም የበዛባቸው ማዕድናት ይበረክቱ ነበር። ትንሽ ጉድጓድ ሆኖ ሳለ ሎናር የፍልውሃ ለውጥ ማሳየቱ ስፋት ብቻ እንደማይወስን ይጠቁማል፤ የውሃው መኖርም ድርሻ አለው።

የጅማ ቀይ አፈርስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

አይገናኝም። ቡናው የሚበቅልበት ቀይ አፈር የዝናብና የጊዜ ሥራ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ይህ ውሃ ለረጅም ዘመን በባዛልቱ ውስጥ ሲሰርግ ሶዲየሙን፣ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስዳል፤ የሚቀረው ካኦሊናይት የሚባለው ሸክላና የብረት ኦክሳይድ ነው። ቀዩን ቀለም የሚሰጠውም ብረቱ ነው።

በካባ ግድግዳ ላይ ይህ ለውጥ ግማሽ መንገድ ላይ እንዳለ ይታያል። መሃሉ ጠንካራ ጥቁር እምብርት ሆኖ ዙሪያው እንደ ሽንኩርት በንብርብር የሚላጥ፣ ቡናማ የበሰበሰ ድንጋይ አለ። ልዩነቱ ከላይ እስከ ታች ያለው አቅጣጫ ላይ ነው፦ የአየር ጠባይ የሚያመጣው ለውጥ ከላይ ይበረታል፣ ወደ ታች ሲወርዱ ይቀንሳል። ፍልውሃ ያመጣው ለውጥ ግን ስንጥቅን ተከትሎ ይሄዳል፤ ጥልቀት ሲጨምር ሊበረታም ይችላል።

በፈለጡት ባዛልት ፊኛ ውስጥ ነጭ ወይም አረንጓዴ ማዕድን ካያችሁ ደግሞ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ላቫው ከቀዘቀዘ በኋላ በገባ ውሃ የተፈጠረ ዚዮላይት፣ ካልሳይት ወይም የሸክላ ማዕድን ነው። ይህም ቢሆን ከሜትዮራይት ጋር አይያያዝም።

የቢሾፍቱ ሐይቆች ሜትዮራይት የፈጠራቸው ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት አይደለም። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቆች የተፈጠሩት ወደ ላይ የሚወጣ ማግማ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ ነው። ክብ ቅርጻቸው ሰውን ያሳስታል። ወንጪም የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው።

በአፍሪካ እውነተኛውን የሜትዮራይት ሐይቅ ማየት የሚፈልግ ጋና ሄዶ ቦሱምትዊን ይይ። ስፋቱ 10.5 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ዕድሜው 1.07 ሚሊዮን ዓመት ነው። እሱም ቢሆን እሳተ ገሞራ ነው ወይስ ሜትዮራይት በሚል ሲያከራክር ቆይቷል። ኮኤሳይት ሲገኝበት፣ እንዲሁም በአይቮሪ ኮስት የሚገኙት የመስታወት ጠጠሮች በዕድሜም በይዘትም ከእርሱ ጋር ሲገጥሙ ነው ጉዳዩ የለየለት። የጀርመኑ ሪስም ታሪኩ ይመሳሰላል። 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ይህ ስፍራ ለረጅም ጊዜ እንደ እሳተ ገሞራ ተቆጥሯል። ሱዌቫይት የሚባለው፣ በመስታወት የተሞላው ድንጋዩ ቱፍ የሚባለውን፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ የጠጠረ ድንጋይ ይመስላል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለችው የኖርድሊንገን ከተማ ቤተ ክርስቲያኗን የሠራችውም በዚሁ ድንጋይ ነው። በዚያው በ1960 ሹሜከርና ኤድዋርድ ቻው ኮኤሳይት አግኝተውበት ክርክሩን ዘጉት።

ክሎራይት፣ ዚዮላይትና ሸክላ ከተገኘ ግጭት ነበር ማለት አይቻልም?

በፍጹም አይቻልም፤ ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ከላይ የዘረዘርናቸው የፍልውሃ ማዕድናት ሙቀትና ውሃ እንደነበሩ ይናገራሉ፤ ሙቀቱን ማን እንዳመጣው አይናገሩም። አሉቶም ቺክሹሉብም ኤፒዶት አላቸው። እሳተ ገሞራ በሞላበት አገር ላይ ደግሞ ይህ ስህተት በጣም ቀላል ነው፤ የተለወጠ አለት ባየን ቁጥር ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ የለብንም።

ግጭትን የሚያረጋግጡት እሳተ ገሞራና የመሬት መንቀጥቀጥ ሊፈጥሯቸው የማይችሉት ምልክቶች ናቸው፦ በኳርትዝ ውስጥ በተለያየ አቅጣጫ የተሰመሩት፣ በማይክሮሜትር የሚራራቁ መስመሮች፤ ሾጣጣ ስብራቶቹ፤ ሳይቀልጥ መስታወት የሆነ ፌልድስፓር፤ በቀለጠው አለት ውስጥ ከተለመደው በላይ የሆነ ኢሪዲየም፣ ማለትም በመሬት አለት ብርቅ ሆኖ በሜትዮራይት የሚበዛ ንጥረ ነገር። ሥራው የሚጀምረው ድንጋዩን ወደ 0.03 ሚሊ ሜትር አሳስቶ በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ በማየት ነው። የሸክላ ማዕድናቱ ግን ለማይክሮስኮፕ እጅግ ያነሱ ስለሆኑ ዓይነታቸውን የሚለየው ኤክስሬይ ዲፍራክሽን የሚባለው ዘዴ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። መጀመሪያ የግፊት ምልክት ይገኝ፤ ግጭቱ ከተረጋገጠ በኋላ ክሎራይቱና ሸክላው ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ውሃውና ስለ ቆይታው ይጠየቁ።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የከበረ ማዕድን ይገኛል?

አንዳንዶቹ ላይ ይገኛል። ካናዳ ውስጥ የ1.85 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ሰድበሪ በኒኬልና በመዳብ የታወቀ ነው፤ ማዕድኑ በ1883 የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ተገኘ። ዋናው ክምችት የመጣው ከራሱ ከሜትዮራይቱ ሳይሆን፣ ከቀለጠው የመሬት አለት ውስጥ ድኝ የያዘው ክፍል ተለይቶ ወደ ታች ስለሰጠመ ነው። ፍልውሃው በበኩሉ ዚንክ፣ መዳብና እርሳስ አከማችቷል።

የደቡብ አፍሪካው ፍሬደፎርት 2.02 ቢሊዮን ዓመት ሲሆነው በዙሪያው ያለው የዊትዋተርስራንድ ወርቅ ከግጭቱ በፊት የነበረ ነው። የግጭቱ ውለታ ወርቅ የያዙትን ንብርብሮች አጋድሞና ቀብሮ ከመታጠብ ማዳኑ ነው።

ከሕይወት ጋር የሚያያዘው ለምንድን ነው?

ሙቅ ውሃ፣ ስንጥቅና የተሟሟ ማዕድን ለአንዳንድ ረቂቃን ተሕዋስያን መኖሪያ ስለሚሆን። በቺክሹሉብ ድንጋይ ውስጥ የተገኙት፣ እንደ ዘለላ የተሰበሰቡ የፓይራይት እንክብሎች ሰልፌት እየተጠቀሙ የሚኖሩ ተሕዋስያን በፍልውሃው ውስጥ እንደነበሩ የሚጠቁም ማስረጃ ሆነው ቀርበዋል። ወጣቷ መሬት በብዛት ትመታ ስለነበር ብዙዎች የሕይወትን መነሻ በዚህ በኩልም ይፈልጋሉ። የማርስ ጉድጓዶች ውስጥ የሸክላ ማዕድን ፍለጋ የሚደረገውም በከፊል ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ የተረጋገጠ የሜትዮራይት ጉድጓድ አለ?

ከተረጋገጡት የአፍሪካ ጉድጓዶች መካከል የኢትዮጵያ የለም። ይህ ማለት አገራችን ተመትታ አታውቅም ማለት አይደለም፤ አለታችን ማስረጃ የሚያስቀር ዓይነት ስላልሆነ ነው። በጅማ ዙሪያ ያለው ላቫ ከሥሩ ያለውን አሮጌ መሬት በወፍራም ሸፍኖታል። ከላዩ የወደቀ ካለ ደግሞ ዝናቡና ወንዞቹ ጠርዙን አጥበው፣ ደኑና ቀዩ አፈር የቀረውን ሸፍነውታል። ክብ የሆነ ቦታ በሳተላይት ፎቶ አይቶ መደሰት ያለ ነገር ነው፤ በእሳተ ገሞራ አገር ግን ክብ ቦታ ብዙ ነው። በእኛ አስተያየት ለፍለጋ የተሻለው የላቫ ሽፋን የሌለበት፣ ደረቅና ኳርትዝ ያለው አለት የሚታይበት ቆላ ነው፤ ከጅማ ደጋ ይልቅ የኦጋዴንን የደለል አለት እንመርጣለን።

ማሳዬ ላይ ከባድ ጥቁር ድንጋይ አገኘሁ። ሜትዮራይት ይሆን?

ብዙውን ጊዜ አይሆንም። ማግኔት ሳበው ማለት ብቻውን አያስተማምንም፤ የእኛ ባዛልት ማግኔታይት የሚባል ብረት የያዘ ማዕድን ስላለው በማግኔት ይሳባል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ብረት ሲቀለጥ የኖረባቸው ቦታዎችም አሉ፤ ከማቅለጫው የተጣለው ዝቃጭ ከባድ፣ ጥቁርና ፊኛ የበዛበት ነው። ሜትዮራይት ደግሞ ፊኛ እምብዛም የለውም። ስስ ጥቁር የተቃጠለ ቅርፊት፣ የለሰለሰ ጠርዝ፣ በትንሹ ሲፋቅ በውስጡ የሚያብለጨልጩ የብረት ቅንጣቶች ካዩ ግን ለምርመራ ይገባል።

ድንጋዩን አትጠቡት፣ በመዶሻም አትከፋፍሉት። ያገኛችሁበትን ቦታ በስልካችሁ ጂፒኤስ መዝግቡ፣ ከመነሳቱ በፊት ባለበት ፎቶ አንሱት፣ በደረቅ ወረቀት ጠቅልላችሁ የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ውሰዱት። አጠገቡ ካለው ተራ ድንጋይም ትንሽ ቁራጭ ጨምሩበት፤ የሚመረምረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።